ጥሩ ፎቶግራፍ የዕድል ነው ወይስ የዝግጅት?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ የምተዳደረውም ከሠርግና ከምረቃ በማገኘው ገቢ ነው። ዘንድሮ ለጥምቀት ጎንደር ሄጄ ከንጋት እስከ ማታ ከቦታ ቦታ እየተሯሯጥኩ ከሁለት ሺህ በላይ ፎቶ አነሳሁ። ለሰው የማሳየው ግን አንድም አላገኘሁም። አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ የጎንደር ልጅ ነው፤ ካሜራ እንኳ የለውም። ከአክስቱ አጠገብ ቆሞ፣ የአክስቱ ጎረቤት የሆኑ እናት ጠበል ሲረጭባቸው በሞባይሉ አነሳቸው፤ ያቺን ፎቶ ያየ ሁሉ እየተቀባበለ ያደንቃታል። እኔም ሳያት እቀናለሁ። ነገሩ ዕድል ብቻ ከሆነ ለምን እደክማለሁ? ወይስ በሰከንድ 20 ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ብገዛ ይሻለኛል? እባክዎ በግልጽ ይንገሩኝ።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ በግልጽ ይንገሩኝ ስላልከኝ ከሚከብደው ልጀምር። ዕድል አለ፤ ያውም ብዙ። «ዕድል የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም የልፋት ውጤት ነው» የሚሉ ባልደረቦቼ ጀማሪን ለማበረታታት አስበው የሚሉት ነው። ሠዓሊ ብርሃኑን ከፈለገበት አቅጣጫ ያመጣዋል፤ ደራሲ ያልጣመውን አንቀጽ ሰርዞ እንደገና ይጽፈዋል። ፎቶ አንሺ ግን ደመናውን ገለል በል አይለውም፤ በመንገድ የሚያልፈውን ሰውም ሁለት እርምጃ ወደ ግራ አያስኬደውም። ያልሆነ ነገር ፎቶ አይነሳም። ከፊት ለፊታችን የሚሆነው ነገር ከእጃችን ውጭ ስለሆነ፣ በዚህ ሙያ ረጅም ጊዜ ቆይቶ ለዕድል ምስጋና የማያቀርብ ሰው ሲገጥመኝ ይገርመኛል።

ታዲያ ዕድል የሚወስነው ምን እንደሚሆን ነው። የት ቆመህ እንደምታየው፣ ከነገሩ ጀርባ ምን እንደሚታይ፣ ካሜራህ በዚያች ቅጽበት ለየትኛው ብርሃን እንደተሰናዳ፣ ዓይንህም ያየውን ነገር ማወቅ አለማወቁ፣ እነዚህ ሁሉ ከቅጽበቷ በፊት ያለቁ ጉዳዮች ናቸው። ዕድል ሲመጣ እነሱን ለማሰናዳት ፋታ አይሰጥም። አንተም ጎንደር ላይ ዕድል የጎደለህ አይመስለኝም። በዚያ ቀን በዚያ ቦታ የማያልፍ ነገር የለም፤ በአጠገብህ ብዙ ዕድል ሳያልፍ አልቀረም። ለምን እንደዚህ እንደምል በሁለት የታወቁ ፎቶዎች ላሳይህና ወደ አንተው ጉዳይ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያውን ሳታየው አትቀርም። ቦክሰኛው መሐመድ አሊ ቀኝ ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፎ፣ ወለሉ ላይ በተዘረረው ተጋጣሚው ሶኒ ሊስተን ራስጌ ቆሞ ይጮኽበታል። ያነሳው ኒል ሌይፈር ነው፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1965፣ በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ሉዊስተን በምትባል ከተማ። ሌይፈር ያን ጊዜ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ፎቶውን እንደገና ስታገኘው የአሊን እግሮች ተመልከት። በሁለቱ እግሮች መካከል፣ ከመድረኩ ማዶ፣ አንድ ፎቶ አንሺ ይታያል። ኸርበርት ሻርፍማን ይባላል፤ እንደ ሌይፈር ሁሉ ለስፖርትስ ኢላስትሬትድ መጽሔት ይሠራ የነበረ፣ ከሌይፈር በዕድሜም በልምድም የሚበልጥ ሰው ነው። ውድድሩ በመጀመሪያው ዙር ሲያበቃ ሊስተን የወደቀው በሌይፈር በኩል ነው፤ አሊም ፊቱን ያዞረው ወደ ሌይፈር ነው። ሻርፍማን ያየው የአሊን ጀርባ ነበር። ያን ምሽት የሻርፍማን ችሎታ ምንም ሊያደርግለት አይችልም ነበር። ሌይፈር ራሱም የመቀመጫውን ዕድል በየጊዜው በግልጽ ተናግሯል እንጂ ደብቆ አያውቅም።

ዕድሉ ይህ ነው። ቀሪውን እንይ። ሌይፈር የሠራው በቀለም ፊልም ነው። በዚያ ዘመን የቀለም ፊልም ብዙ ብርሃን የሚፈልግ ስለነበር ከመድረኩ በላይ ትልልቅ ፍላሾች ተሰቅለው ነበር። እነዚያ ፍላሾች አንዴ ከበሩ በኋላ እንደገና እስኪሞሉ ሰከንዶች ይፈጃሉ። ካሜራው ሮሌፍሌክስ ነው፤ በአንድ ጥቅል ፊልም 12 ፎቶ ብቻ ያነሳል። እንግዲህ አስበው። ሊስተን ሲወድቅ ደንግጦ ቢጫን ኖሮ፣ አሊ ክንዱን አጥፎ በጮኸበት ቅጽበት ፍላሹ ባዶ ይሆን ነበር። ሌይፈር የነበረው አንድ የካሜራ ምት ነው፤ ያንን ምት የት እንደሚያሳርፍ ለመወሰን ደግሞ ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ። በቦክስ ሜዳዎች ዙሪያ ያደገ ዓይን ስለነበረው፣ ከውድቀቱ በኋላ የሚመጣው የአሸናፊው ሁኔታ ከውድቀቱ እንደሚበልጥ ያውቃል። በዚያው ጎን የነበረው የአሶሺየትድ ፕሬስ ዜና ወኪሉ ፎቶ አንሺ ጆን ሩኒም ያንኑ ቅጽበት በጥቁርና ነጭ አስቀርቶታል። ትክክለኛው ጎን ለሁለቱም ደረሳቸው፤ ሁለቱም አልሳቱትም።

ሁለተኛው ፎቶ ለአንተ ይበልጥ ይቀርብሃል ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም የተነሳው በከሸፈ ቀን ማብቂያ ላይ ነው። አሜሪካዊው የመልክዓ ምድር ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 መኸር ከልጁና ከአንድ ጓደኛው ጋር በኒው ሜክሲኮ ግዛት ሲዘዋወር ውሎ፣ ያሰበው ሳይሳካለት ተስፋ ቆርጦ ወደ ማደሪያው በመኪና እየተመለሰ ነበር። ኸርናንዴዝ የምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ሲደርስ በስተግራው ጨረቃ ከተራሮቹ በላይ ወጥታለች፤ በመንደሯ መቃብር ላይ የቆሙት ነጫጭ መስቀሎች የመጨረሻውን የፀሐይ ጨረር ተቀብለው ያበራሉ። መኪናውን አቆመ፤ አብረውት የነበሩትን አምጡ ስጡኝ እያለ ያጣድፋቸው ጀመር። የሚሠራበት ካሜራ ፊልሙ ብቻ 8 በ10 ኢንች የሆነ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ የሚፈልግ ከባድ ዕቃ ነው። ካሜራው ቆመ፣ ሌንሱ ተገጠመ፣ ማጣሪያው ተደረገ። የብርሃን መለኪያው ግን ጠፋ። ፀሐይዋ ደግሞ አትጠብቅም።

አዳምስ በዚያች ሰዓት ያደረገው ነገር ለእኔ ከፎቶው ውበት አያንስም። የጨረቃ ገጽ የሚሰጠው ብርሃን በአንድ ስኩዌር ጫማ 250 ካንድል (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) እንደሆነ በቃሉ ያውቅ ነበር። ከዚያ ቁጥር ተነስቶ በአእምሮው አሰላና ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 32 በሚባለው ጠባብ ልክ፣ ክፍት የሚቆይበትን ጊዜ አንድ ሰከንድ አድርጎ አነሳ። ለጥንቃቄ ሁለተኛ ለማንሳት የፊልሙን መያዣ ሲገለብጥ የፀሐይዋ ብርሃን ከመስቀሎቹ ላይ ሄደ። የቀረው ያ አንድ ኔጋቲቭ፣ ማለትም ፎቶ የሚታተምበት ፊልም፣ ብቻ ነው። ቀኑን እንኳ አልመዘገበውም። በኋላ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የጨረቃዋን አቀማመጥ አስልተው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1941፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ላይ መነሳቱን አረጋገጡ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ኔጋቲቩ ግን ችግር ነበረበት፤ የታችኛው ክፍል ብርሃን አንሶት ለማተም እጅግ አስቸጋሪ ነበር። አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1948 ያንን ክፍል በኬሚካል አጠናከረው። መጀመሪያ አካባቢ ያተማቸው ቅጂዎች ሰማያቸው ፈዘዝ ያለና ደመና የሚታይበት ነው፤ ዛሬ የምናውቀው ያ ጥቁር፣ ጥልቅ ሰማይ በጨለማ ክፍል ውስጥ በብዙ ዓመት ሥራ የመጣ ነው። ከዚያ አንድ ኔጋቲቭ ከ1,000 በላይ ቅጂ በእጁ አትሟል። ጨረቃዋን፣ ደመናውንና መስቀሎቹን ማንም አላዘዛቸውም። አዳምስ ያመጣው ነገር 250 የሚለውን ቁጥርና ከዚያ በኋላ የነበረውን ትዕግሥት ነው።

አሁን ወደ ጎንደር። «ከቦታ ቦታ እየተሯሯጥኩ» ያልከው ቃል ዓይኔን ያዘው። ሩጫው ራሱ ነው የጎዳህ ብዬ አምናለሁ። የሚሮጥ ፎቶ አንሺ ሁልጊዜ የሚደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ጩኸት ወደሰማበት ይሮጣል፤ ሲደርስ ከሰው ጀርባ ይቆማል፤ እጁን ዘርግቶ ያነሳል፤ ሌላ ጩኸት ይሰማል። በዚህ ሁኔታ የሚነሳ ፎቶ ጀርባው ሁልጊዜ የተዝረከረከ ነው፤ የድምፅ ማጉያ ምሰሶ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የሌሎች ሰዎች ሞባይል። ድርጊቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ ፎቶው አይቆምም።

እኔ የምመክርህ ተቃራኒውን ነው። ለከተራ ዋዜማ፣ ጥር 9 ከሰዓት በኋላ፣ ገና ሰው ሳይሞላ የፋሲለደስ መዋኛ ግቢ ሂድና ካሜራህን ሳታወጣ ዙረው። የእንጨት መቀመጫው የት እንደተሠራ፣ ካህናቱ በየት በር እንደሚገቡ፣ ውኃው ከተባረከ በኋላ ወጣቶቹ ከየትኛው ጠርዝ እንደሚዘሉ ጠይቅ። የአካባቢው ልጆች ሁሉን ያውቁታል፤ በየዓመቱ የሚሆነው በዚያው ቦታ ነው። ከዚያ ብርሃኑን አስብ። በጥር ወር ፀሐይ የምትወጣው በትክክል ከምሥራቅ አይደለም፤ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች። በዚያ ወቅት ጎንደር ላይ የምትወጣው ወደ ጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ሲሆን፣ ዛፎቹና አጥሩ ስለሚከልሏት ጨረሯ ውኃው ላይ እስኪያርፍ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል። ይህን ሁሉ በዋዜማው ቆመህ በእጅህ ማመልከት ትችላለህ።

የዛፍ ሥር የተጠመጠመበትን ያንን የድንጋይ አጥር ታውቀዋለህ። ሰው የሚያነሳው ሥሩን ለማስታወሻ ነው፤ እኔ ግን እንደ ጀርባ እንድታየው እፈልጋለሁ። ጠዋት ላይ ፀሐይዋን የከለለው ወገን ጥላ ውስጥ ነው፤ ጥቁር ማለት ይቻላል። የሚረጭ ውኃ በፎቶ ላይ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ወይም ከጎኑ ሲመታውና ከጀርባው ጨለማ ነገር ሲኖር ነው። ጀርባው ነጭ ሰማይ ወይም ነጭ የለበሰ ሕዝብ ከሆነ፣ ሺህ ጊዜ ብታነሳው የውኃው ጠብታ አይታይም። አየህ፣ ጥላ ያለበትን የአጥር ክፍል ከጀርባ፣ ፀሐይዋን ከፊት ለፊትህ በአንድ ጎን አድርገህ ከቆምክ ግማሹ ፎቶ አልቋል። የሚጎድለው ሰው ብቻ ነው፤ ሰው ደግሞ ይመጣል። ማን እንደሚመጣ፣ ፊቱ ምን እንደሚመስል፣ ውኃው እንዴት እንደሚበተን የዕድል ድርሻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ መጠበቅ ያሰለቻል፤ በሌላው ጥግ የሚሰማው እልልታ ልብን ይሰርቃል። ቢሆንም ቆይ።

ካሜራህንም ዕድሉ ሳይመጣ አሰናዳው። የውኃ ጠብታ አየር ላይ ቆሞ እንዲታይ ከፈለግህ የመዝጊያው ፍጥነት ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ ማነስ የለበትም። ለዝማሬና ለእርምጃ 250ኛ ይበቃል፤ ለእስክስታ ትከሻ ግን 500ኛም አንዳንዴ ያንሳል። በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በሙሉ ፍሬም (እንደ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስፋት ባለው) ካሜራ፣ ቀዳዳውን ኤፍ 8 አድርገህ ፎከሱን 3 ሜትር ላይ ብትቆልፈው፣ ከሁለት ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሰባት ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። በሕዝብ መካከል ካሜራው ፎከስ ፍለጋ ሲንተባተብ ስንት ፎቶ እንደሚያመልጥ ታውቃለህ፤ በዚህ መንገድ ግን መጫን ብቻ ነው የሚቀርህ።

ስለ ነጠላም ልንገርህ፤ ለእኛ አገር ፎቶ አንሺ የአዳምስ 250 ይህ ነው እላለሁ። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ፍሬሙ በነጭ ነጠላና ጋቢ ከተሞላ፣ ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ ልብሱ ዐመድማ ይሆናል፣ የሰዎቹ ፊት ደግሞ ዝርዝሩ በማይለይ ጥላ ይዋጣል። በዚህ ጊዜ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ጨምር፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ጨለማ ደጀ ሰላም ውስጥ ነጭ የለበሱ አንድ እናት ብቻ ቆመው ከሆነ ደግሞ መለኪያው ጨለማውን አይቶ ያበዛል፤ ነጠላቸው ጥለቱም ሽመናውም ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ያን ጊዜ አንድ ስቶፕ ያህል ቀንስ። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ፊት እየለዩ ያስተካክላሉ ይባላል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን መቋሚያና ጃንጥላ ፊትን ሲጋርድ ይሳሳታሉ። ይህንን ለማሰብ ጊዜ የሚፈጅብህ ከሆነ ገና አልተዘጋጀህም ማለት ነው። እቤትህ፣ እናትህን ወይም እህትህን ነጠላ አልብሰህ፣ በፀሐይም በጥላም በበር ላይም ደጋግመህ አንሳ፤ ጣትህ ሳታዝዘው እስኪያስተካክል ድረስ።

ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ለሚታየው ለወርቃማው ብርሃን ያለን ጊዜም አጭር መሆኑን ልብ በል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላም ትጠልቃለች። ከአድማስ እስከ 10 ዲግሪ ከፍታ ለመድረስ 40 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ለንደን ላይ በበጋቸው ወቅት ይኸው ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። የፈረንጆች የሥልጠና ቪዲዮ አይተህ «ገና ጊዜ አለኝ» ካልክ ብርሃኑ ያመልጥሃል።

ስለ ጓደኛህ ፎቶ ደግሞ እንነጋገር፤ ጥያቄህ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ያሰብኩበት እሱን ነው። «ካሜራ እንኳ የለውም» ብለሃል። ያለውን ግን አንተው ነግረኸኛል፤ የጎንደር ልጅ ነው፣ ከአክስቱ ጋር ቆሟል፣ እናትየው የአክስቱ ጎረቤት ናቸው። እኚያ እናት ጠበል ሲረጭባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በልባቸው ከአምላካቸው ጋር ሲሆኑ፣ አጠገባቸው የቆመውን ልጅ ከሕፃንነቱ ያውቁት ይሆናል። ሞባይል ቢያነሳም ባያነሳም አይረበሹም። አንተ ትልቅ ሌንስ ይዘህ በሁለት ክንድ ርቀት ብትቀርባቸው ኖሮ ነጠላቸውን ያስተካክሉ ነበር፣ ወይም ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፣ ወይም ፈገግ ይሉልህ ነበር። ያ ፎቶ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ጓደኛህ ዕድለኛ ብቻ ነው አትበል። ለፎቶ ብሎ ያላደረገው ዝግጅት ነበረው፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት የፈጀ መተዋወቅ። ከዝግጅት ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ በገንዘብ የማይገዛውም ይህ ብቻ ነው።

የጎንደር ልጅ ሆነህ ዳግም አትወለድም። ነገር ግን ሁለት ቀን ቀድሞ መድረስ ትችላለህ። ቡና ሲፈላ ተቀምጠህ መጠጣት፣ የሰፈሩን ካህን አግኝተህ ምን እንደምትሠራ መንገርና ፈቃድ መጠየቅ፣ ሰላምታ ሳትሰጥ ማንንም አለማንሳት። «እማማ እንዴት አደሩ» ብለህ ትንሽ ቆይተህ፣ ካሜራውን አሳይተህ፣ ከዚያም ረስተውህ ወደ ጸሎታቸው እስኪመለሱ መጠበቅ። አንድ ነገር በጣም የማምንበት አለ፦ ያነሳሃቸውን ሰዎች ፎቶ አሳትመህ ላክላቸው። በአገራችን በበዓል ቀን በሺህ ካሜራ የሚነሱ እናቶች አንዲት ቅጂ እንኳ በእጃቸው አይገባም። ቅጂው ከደረሳቸው ግን በሚቀጥለው ዓመት በራቸው ክፍት ይሆንልሃል። ካህኑን ወይም ዘላዩን ወጣት «እስቲ ድገመው» ማለት ግን አይገባም፤ በዓሉን ማቃለል ነው፣ ፎቶውም ሐሰት መሆኑ ያስታውቃል።

በነገርህ ላይ አንተ ይህን ዓይነት ዝግጅት በየሳምንቱ እየሠራህ ነው። የሠርግ ሥራህን ዝቅ አድርገህ እንደምታየው ከአጻጻፍህ ገባኝ፤ እኔ ግን ከሠርግ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ሙሽራዋ ስታጎነብስ ፊቷ ይሰወራል፤ በዚያች ሰከንድ ፎቶው እናትየዋ ጋ ነው ያለው። የእናትየዋን ፊት ለማግኘት ከሙሽራዋ ትከሻ ጀርባ ዝቅ ብለህ፣ መጋረጃው ሳይሆን ጥቁሩ በር ከእናትየዋ ጀርባ እንዲሆን ሁለት እርምጃ ተጠግተህ መቀመጥ ነበረብህ፤ ያውም ከመሳሙ በፊት። እንባው መምጣት አለመምጣቱ የአንተ ጉዳይ አይደለም። ከመጣ ግን የሚመጣበትን ቦታ ታውቀዋለህ። ይህን በእያንዳንዱ ሠርግ ተለማመድና ጥምቀት ላይ ተጠቀምበት።

ሁሉም ፎቶ አንሺ ዕድልን ይጠብቃል ማለቴም አይደለም። አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረቱት ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ፣ አካላቸውን ቀለም የተቀቡ ሴቶችን በደማቅ ልብስ አሰልፈው የሚያነሷቸው ሥራዎቻቸው ከመነሻው እስከ መድረሻው የታቀዱ ናቸው። ስለ ውኃ የሠሩትን ተከታታይ ሥራ ያነሱት አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ነው፤ በዚያ ሙቀትና በዚያ የጨው ሜዳ ላይ ያንን ሁሉ ለማቆም የሚያስፈልገውን ዝግጅት አስበው። ተፈጥሮህ ወደዚያ የሚያዘነብል ከሆነ እሱም ሙሉ መንገድ ነው። ከጥያቄህ እንደምረዳው ግን አንተን የሚስብህ የሚሆነውን ነገር መያዝ ነው።

የካሜራውን ጉዳይ በአጭሩ ልመልስልህ፤ አትግዛ፤ ቢያንስ አሁን። በሰከንድ 20 ፎቶ ማለት በየ50 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ፎቶ ነው። ለወፍ፣ ለእግር ኳስ፣ ለሩጫ ውድድር እጅግ ይጠቅማል። ቆመህበት ያለው ቦታ ስህተት ከሆነ ግን የሚሰጥህ አንድ ሳይሆን ሃያ የማይረባ ፎቶ ነው። ጣትህን ተጭነህ ስትቆይ ደግሞ ዓይንህ መጠበቅ ያቆማል፤ መምረጡን ለኮምፒውተሩ ትተህለታልና። ሌይፈር ያለው አንድ ምት መሆኑን ማወቁ ነው በትኩረት እንዲያይ ያደረገው። ለካሜራው ያሰብከውን ገንዘብ ለሁለት ተጨማሪ የአዳር ቀናት፣ ለአንድ ትርፍ ባትሪና ለሁለት ሜሞሪ ካርድ አውለው፤ የቀረውን ለፎቶ ማሳተሚያ።

የመጨረሻው ነገር፣ እነዚያን ሁለት ሺህ ፎቶዎች ይመለከታል። አንድም አልረባም ያልከው መቼ አይተሃቸው ነው? ደክመህ፣ በዚያው ምሽት፣ የጓደኛህን ፎቶ ካየህ በኋላ ከሆነ ፍርድህን አላምነውም። የአሊና የሊስተን ፎቶ እንኳ በታተመበት ሳምንት የመጽሔቱ ሽፋን አልሆነም፤ ዛሬ የያዘውን ስፍራ ያገኘው ከዓመታት በኋላ ነው። ሰው በዚያው ቀን የሚፈልገው ሊያነሳ አስቦ የሄደውን ፎቶ ነው፤ አንተ ምናልባት ታቦቱን፣ ጃንጥላውን፣ የሚዘሉትን ወጣቶች ትፈልግ ነበር። ዕድል የሰጠህ ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ስትሄድ ሳታስበው የተጫንከው፣ ከበሮ ተደግፎ ያንቀላፋ ዲያቆን፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትሻገር ልጅ። ወር ሁለት ወር ካለፈ በኋላ በጠዋት፣ አእምሮህ ንጹሕ ሆኖ ክፈታቸው። መጀመሪያ በትንሹ አድርገህ እያቸው፤ በትንሹ ያልቆመ ፎቶ በትልቁም አይቆምም። ከዚያ ጠርዝ ጠርዙን ተመልከት፤ የሚቆረጥ ነገር ካለ መሃሉ ይድን ይሆናል። ሠላሳ ለይተህ፣ ጎንደር ላልነበረና ስለ ፎቶ ምንም ለማያውቅ ሰው ምንም ሳትናገር አሳየውና የትኛው ላይ እንደሚዘገይ አስተውል። ያላለፉትንም አትሰርዛቸው፤ በሁለት ዲስክ ገልብጠህ ዓመቱንና ቦታውን ጽፈህ አስቀምጣቸው።